የቱና ጉባኤና የኛ ሰሃን

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

የቱና ጉባኤ ተከፈተ። እዚህ ዘ ስትሪፕ ላይ፣ በማስተናግድበት የካዚኖ ሆቴል፣ በረሃ መሃል። ባሕር የሌለው አገር ልጅ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ፣ ለባሕር ጉባኤተኞች ውሃ ስቀዳ ዋልሁ። ታሪክ ይመዝግብልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉ፦ ዓሣው ድንበር አያውቅም። ዛሬ አንዱ አገር ባሕር ነው፣ ነገ ሌላው ጋ። ሁሉም ተስማምቶ ካልቀነሰ ያልቃል። አጨበጨቡ። ከዚያ እያንዳንዱ እየተነሳ እሱ ለምን መቀነስ እንደሌለበት አስረዳ። አንድ ሰማያዊ ክራቫት ያሰረ፣ "እኛ ብንተወው ሌላው ያጠምደዋል" ሲል... ትሪውን ልለቀው ነበር በሳቅ።

ብሬክ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለጀማልና ለሱልጣና፣ ባለክራቫቱን እያስመሰልሁ አሳየኋቸው። እንደ ልማዳችን አንድ ሰሃን ከበን። ያረድነውን እነሱ አይበሉ፣ ያረዱትን እኔ አልበላ። ቱና ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። ከቆርቆሮ ወጥቶ፣ በቃሪያና በሎሚ ተለውሶ፣ እንጀራ ላይ ይገለበጣል፤ ሁለት ሃይማኖት ያስታርቃል።

ጀማል፣ "ይሄን ሁሉ ክራቫት ከሚሰበስቡ አንዲት የወሎ እናት ቢጠሩ" አለ። "'ከፊትህ ብላ!' ብላ በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር።"

ጥቅምት 25

እኛም ጉባኤ አደረግን፣ ሎከር ሩም ውስጥ። አጀንዳ፦ ኦቨርታይም።

የሱልጣና ሰዓት በዚህ ወር ጎድሏል። ካልሞላ የሕክምና ኢንሹራንሷ ይቆማል። የባሏ የከሊል የዓይን ኦፕሬሽን ደግሞ ደርሷል። ችግሩ፣ ተጨማሪ ሺፍት ሲኖር ሱፐርቫይዘራችን መደወል የምትጀምረው ብዙ ከቆየው ሠራተኛ ነው። ሱልጣና መጨረሻ ናት። ስለዚህ ውሳኔ፦ ስልክ ሲመጣ ሁላችንም "አልችልም"። እሷ ጋ እስኪደርስ።

ንግግሩን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይችላል? "ቃሉን ያፈረሰ ቱና ይሁን!" ብዬ ዘጋሁት። አጨበጨቡ።

ጥቅምት 26

ወደ ቤቴ፣ ወደ ሄንደርሰን እየነዳሁ ስልክ። ሱፐርቫይዘሯ። "ጊዝ፣ ቅዳሜ የጉባኤው መዝጊያ እራት አለ። ትችላለህ?" (ግዛቸው ማለት ከብዷት ጊዝ አድርጋኛለች።)

"ዬስ።"

...ምን ነካኝ? ምንም አልጎደለብኝም። ኪራይ ተከፍሏል። መኪናዬ ደህና ናት። አፌ ከእኔ ቀደመ ልበል? ውሸት። አስቤበታለሁ። እኔ ብተወው ከኔ ቀጥሎ ያለው መውሰዱ አይቀርም ብዬ ነው።

ይሄን ነገር የት ነው የሰማሁት...

ባለክራቫቱ።

ጥቅምት 27

ጀማል፣ "ለኔ ነበር መጀመሪያ የደወለችው፤ አሞኛል አልኋት" አለ። "ከኔ በታች አንዱ ወስዶታል። ማን እንደሆነ እንጃ።"

ሱልጣና ቱናውን ወደኔ ገፋ አደረገች። "ቸግሮት ይሆናላ። አላህ ያቅልለት። ጋሽ ግዛቸው፣ ምነው ዛሬ? ይብሉ እንጂ።"

ቸግሮት ይሆናላ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቆርቆሮ ቱና እሾህ የለውም። ታዲያ ጉሮሮዬን የወጋኝ ምንድን ነው?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ሹልክ ብዬ ልተወው አሰብሁ። ደውዬ፣ አመመኝ ብዬ። ማንም ሳያውቅ ጻድቅ ልሆን... አይሆንም። እኔ ስወጣ ስልኩ እንደገና ከላይ ይጀምራል። ሁሉም ዳግመኛ "አልችልም" ካላሉ ለእሷ አይደርስም። እንዲሉ ደግሞ መንገር አለብኝ። ለሁሉም።

ንግግር ያደረግሁባት ቦታ ላይ ቆምሁ። "ቅዳሜን የወሰድሁት እኔ ነኝ። ዛሬ እመልሰዋለሁ። ሲደወልላችሁ... እባካችሁ።"

አፌን ከፍቼ ሰው ሳይስቅ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነው።

አብራን የምታስተናግደው ፋና ብቻ፣ ጫማዋን እያሰረች፣ "ቱና ይሁን ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

ነኝ።

ጀማል ፊቴን ሳያይ ለሌሎቹ፣ "ሰምታችኋል። አልችልም በሉ" አለ። ሱልጣና ዩኒፎርሟን አጠፈች። እንደገና ዘረጋችና እንደገና አጠፈች።

ጥቅምት 29

ቤት ዋልሁ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥሁ። ደርሷት ይሆን?

ኅዳር 1

ደርሷታል። ቅዳሜን የሠራችው ሱልጣና ናት። ሰዓቷ ሞላ፤ የከሊል ቀጠሮ አልተነካም።

ጉባኤውም ተበትኗል። ምን ላይ ደረሱ ብዬ ፋናን ጠየቅሁ። "በሚቀጥለው ስብሰባ ለመነጋገር ተስማሙ" አለች። አጨብጭበው ይሆናል። አልጠየቅሁም።

ብሬክ ላይ ጥግ ይዤ ልቀመጥ ስል ሱልጣና ጠራችኝ። "ጋሽ ግዛቸው፣ ኑ እንጂ።"

ሄድሁ። ቱናውን እንደ ሌላው ጊዜ መሃል አልገለበጠችውም። በማንኪያ ሦስት ቦታ አደረገችው። ለጀማል። ለራሷ። ለኔ። የኔ እንዲያውም በለጥ ያለ መሰለኝ። በመካከላችን ባዶ እንጀራ ቀረ።

"ከፊትዎ ይብሉ" አለችኝ። በትሕትና።

ጀማል ቀልድ ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረም።

በላሁ። ባዶው እንጀራ ጋ ስደርስ እጄ በራሱ ቆመ።