ክር የታሰረበት ቅጠል

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፋናር፣ ሊባኖስ

ልቤ አልረጋ ብሏል። ዛሬ ቀዳም ስዑር ነው፤ ማዳሜ ግን የነገው ምሳ ዝግጅት ይቀድማል ብላ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄድ ከለከለችኝ። ራሴ ላይ ቄጠማ ሳላስር ፋሲካ ሊገባ ነው ብዬ ከፋኝ። በቄጠማ ፋንታ በረንዳው ላይ ካለው የላራ ሸምበቆ አንድ ቅጠል ቆረጥኩ።

ላራ የማዳሜ ልጅ ናት፤ ራስ ቤሩት ሰፈር ያለ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሸምበቆውን ለጥናቷ ከረግረግ አምጥታ በሁለት በርሜል ተክላዋለች። አንዱን እኔ በየቀኑ አጠጣለሁ፤ ሌላውን ሆን ብላ ታስጠማዋለች። የተጠማው አጥሮ፣ ቅጠሉም ጠቦ ቀርቷል። እየሞተ ስለመሰለኝ የቆረጥኩት ከእሱ ነው፤ ማን ይፈልገዋል ብዬ።

ግንባሬ ላይ አስሬው መስታወት ሳይ ቀይ ክር ተንጠልጥሎበታል። ክር የምታስረው በምትለካው ቅጠል ላይ ነው! ልፈታው አልኩና ፈራሁ፤ ፋሲካ ሳይገባ አይፈታም።

ወዲያው ላራ ደወለች።

«እንኳን አደረሰሽ! ነገ ለምሳ ስመጣ እለካቸዋለሁ። የተጠማውን አደራ። ያኒ፣ ማለቴ፣ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ቅጠሉን ያጠበበው ውሃ እንዳያባክን ነው፤ ሥሩን ደግሞ ወደ ታች ሰድዷል። ክር ያሰርኩበትን ቅጠል ማንም እንዳይነካብኝ፣ እሺ?»

በእጄ ክሩን ዳሰስኩ።

«ሐዲር፣ እሺ ላራ» አልኳት፤ ቅጠሉ ግንባሬ ላይ እንደታሰረ።