አንዲት መስመር ለማረም ስለተጠየቀው ፈቃድ

ለተከበሩ ወይዘሮ ማልቪና ኦኬርብሎም
በአረጋውያን የጥሪ አገልግሎት ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሌክቪክ፣ ስዊድን

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ ከአምስት ሳምንት ዕረፍት ፀሐይ ጠግባችሁ በደኅና በመመለሳችሁም የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። ድርጅትዎ የሚጽፍልኝ መልእክት ሁሉ ስሜን ቆርጦ «ሄይ ሲጌ!» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ሰውን በሙሉ ስሙ መጥራትና ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ መዝጋት ያልተውኩ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ስለሆንኩ፣ «እርስዎ» እያልኩ እንድቀጥል ይፍቀዱልኝ።

በጁን መጀመሪያ ከጡረታዬ ጠርታችሁ በአማካሪነት ቀጠራችሁኝ። አረጋውያን በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ደወል ሲጫን፣ ጥሪው አልፎ አልፎ ማዕከሉ ሳይደርስ ይጠፋ ነበር። ፕሮግራሙን ከሠላሳ ዓመት በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝና ስህተቱን በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት አገኘሁት፤ የሚታረመው ከፕሮግራሙ ጽሑፍ አንድ መስመር ነው፤ ስህተቱም የራሴ ነው። የጎደለኝ ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያ ፈቃድ ብቻ ነበር። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩ኛ. ፈቃድ የሚጠየቀው በቅጽ ነው፤ ቅጹ የሠራተኛ ቁጥር ይጠይቃል፤ አማካሪ ደግሞ የሠራተኛ ቁጥር አይሰጠውም። ይህንኑ ለኮምፒውተር እርዳታ ክፍሉ ባልደረባ ለአቶ ዮርገን ባስረዳቸው፣ «እውነትህን ነው ሲጌ፣ ቅጹ ቂል ነው። ግን እኔ ምን ላድርግ? ቁጥር ይዘህ ና!» አሉኝ። ግልጽነታቸውን አደንቃለሁ።

፪ኛ. ጉዳዩ አጣዳፊ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን አሥራ አንድ ሰዎች የቀረፋ ዳቦ ይዘው ሦስት ጊዜ ተሰበሰቡ፤ ሦስቱንም ጊዜ አጣዳፊ ነው ብለው በአንድ ድምፅ ተስማሙ። «እንግዲያው ማን ይፈርም?» ብዬ ስጠይቅ፣ በጉባኤ መካከል የተሳደብኩ ይመስል ሁሉም አቀረቀረ፤ በኋላም እርስዎ ራስዎ፣ «ሲጌ፣ ተረጋጋ እንጂ! እዚህ ቤት አዛዥና ታዛዥ የለም እኮ» አሉኝ። ስለ ትምህርቱ ባለዕዳዎ ነኝ።

፫ኛ. ከዚያ ጁላይ ገባ። በመጨረሻ የመፈረም ሥልጣን አላቸው የተባሉት ወይዘሮ የበጋ ቤታቸው ወዳለበት ደሴት ሄዱ፤ ተተኪያቸው ወደ ተራራ ወጡ፤ የተተኪያቸው ተተኪ እርስዎ ነበሩ፣ እርስዎም አልነበሩም። ለስድስት ደብዳቤዎቼ ኮምፒውተርዎ ብቻውን ስድስት ጊዜ «መልካም በጋ!» ብሎ መልሶልኛል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልዘረዝረው አልችልም።

በጁላይ አሥራ ስድስት፣ ጎረቤቴ የሆኑት የሰማንያ ስምንት ዓመቷ ወይዘሮ ጉንቮር ሼልማርክ በማእድ ቤታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወለል ላይ ተኝተው ደወሉን አርባ አንድ ጊዜ ተጭነዋል፤ መሣሪያው ራሱ ቆጥሮታል። አንዱም ጥሪ አልደረሰም። ጋዜጣቸው ከበራቸው ሳይነሣ መዋሉን አይቼ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ድርጅትዎ ግን ሆስፒታል ድረስ «የአጠቃቀም ስህተት» የሚል ደብዳቤ ላከላቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው፣ «ሲግቫርድዬ፣ ጣቴ ደክሞ ይሆናል። አጥብቄ አልተጫንኩት ይሆን?» አሉኝ። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ያንን ደብዳቤ ይዞ፣ ደወል መጫን የማይችል ሰው ብቻውን መኖር አይችልም በማለት፣ አርባ ዓመት ከኖሩበት ቤት ሊያስወጣቸው ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ዓርብ ነው።

ክብርት ሆይ፣ እኒህ ሴት አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱን እያወቃችሁ ጥላችሁት የሄዳችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። እኔ የበኩሌን ጽፌና ፈርሜ ለማዘጋጃ ቤቱ አስገብቻለሁ። እርስዎም ከዓርብ በፊት ያንን ደብዳቤ እንዲሽሩ እጠይቃለሁ፤ «ድርጅታችን» በሚል ሳይሆን «እኔ» በሚል ባለቤት፣ ከነፊርማዎ። ያቺም መስመር እስከ ዛሬ አልታረመችም።

ፊርማ ያለበት መልስዎን ከወንበሬ ሳልነሣ የምጠባበቅ፣
ከወደር የለሽ አክብሮት ጋር፣
ሲግቫርድ ብሬንሉንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት እናትዎን በቤተ መጻሕፍት አገኘኋቸው፤ ያንኑ ደወል በአንገታቸው አድርገዋል። «ይሄ ነገር በእርግጥ ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «እባክህ መጠየቄን ለማልቪና እንዳትነግርብኝ፤ ሥራ ይበዛባታል» አሉኝ።