ስምህን ሰማች

ሆሳዕና፣ መጋቢት 1961 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለማቴዎስ፣ የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እንሰቱ ዘንድሮ አምሯል፤ እኔም እዚሁ ትምህርት ቤት ማስተማሬን ቀጥያለሁ።

ባለፈው ሳምንት እንግዳ መጥቶልን ነበር። ዶክተር ወንዳፈረው ይባላሉ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ከተመረቁት መካከል ናቸው፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ገንዘብ እያዋጡ ረዳት የሌላቸውን የሳይንስ ተማሪዎች ያስተምራሉ፣ ላቦራቶሪውንም ያሟላሉ። ለእኛም ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አምጥተው ሲያስረክቡ ወላጆች ተጠርተው ነበር። እናታችን ነጠላዋን አጥባ ከፊት ተቀመጠች።

ዶክተሩ ተነስተው ተናገሩ። «ከዚሁ ከሆሳዕና አንድ ጎበዝ የኬሚስትሪ ተማሪ አለን፤ ማቴዎስ ይባላል። እናት አባት የለው፣ እህት ወንድም የለው። በዓለም ላይ ማንም የለኝም ብሎ ሲነግረን ሁላችንም አለቀስን።»

እናታችን አማርኛው ባይገባትም ስምህን ሰማች። «ስለ ልጄ ምን አሉ?» አለችኝ በሀዲይሳ።

«ጎበዝ ነው አሉ» አልኳት።

ደስ ብሏት ብድግ አለችና ጉልበታቸውን ልትስም ሄደች። እሳቸው ደንግጠው አነሷትና ወደ እኔ ዞሩ። «እኚህ እናት ማን ናቸው?»

ትምህርትህ እንዳይቋረጥ ብዬ «ጎረቤቱ ናቸው» አልኳቸው።

ለፋሲካ ይመጣል ብላ አልጋህን ከወዲሁ አንጥፋለች። ትመጣ እንደሆነ ጻፍልኝ፤ የማትመጣ ከሆነም ምን ብዬ እንደምነግራት አንተው ጻፍልኝ።

እናታችን ግንባርህን ስማሃለች። ጌታ በጤና ይጠብቅህ።

እህትህ ነኝ፣
ጵርስቅላ