ካሜራዬን በመዳፋቸው የሸፈኑት አናጢ

አንተ አናጢው ጓደኛዬ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ትናንት እዚህ በምጎበኘው አገር እንዳንተው አናጢ የሆኑ ሽማግሌ ሥራ ቤታቸው ገብቼ ላነሳቸው ካሜራዬን ሳወጣ በመዳፋቸው ሸፈኑብኝ። «አምና የመጣው እንግዳ የተቀዳደደውን ጣሪያችንን ብቻ አንስቶ ሄደ ይላል አባቴ» ብላ ልጃቸው ተረጎመችልኝ። እውነት ለመናገር የእኔም ዓይን እዚያው ነበርና አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ አንተ መጋዝ ይዘህ የተነሳኸውን ፎቶ አሳየኋቸው። ጠጋ ብለው አዩና «ግራኝ ነው፤ እንደኔው!» ብለው ሳቁ። ከዚያ የሠሩትን ወንበር አጠገባቸው አቁመው «አሁን አንሳኝ፤ አንድ ሚስማር እንዳልገባበት ለሰውዬው ንገረው» አሉኝ። አንተንም ከነሥራህ ማየት ይፈልጋሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ፎቶህን ቶሎ ላክ፤ ያቺን የምትነቃነቀዋን ጠረጴዛህን ግን እንዳታነሳት፣ አደራ።