ደጊቱ አለፈች፣ ወደቀች ወይስ ፌር ናት?

ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.
ማንኩሳ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፤ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጭቃው ከደጅዎ፣ ጉንፋኑ ከደረትዎ፣ የወላጅ አቤቱታም ከጠረጴዛዎ ይራቅልዎ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ዘንድሮ፣ ቁጥር የልጅ ልብ ይሰብራል በማለት ማርክን ከካርድ ላይ አንሥተው፣ አልፏል ወይም ወድቋል የሚባልበትንም ቦታ ባዶ ትተው፣ የዓመቱን ድካም ሁሉ «ፌር» በምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስለ ጠቀለሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የቀረን ጥቂት ቅሬታ ነው።

፩ኛ/ ልጄ ደጊቱ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አቶ ተስፋው ለልጃቸው ሊያጯት ሽማግሌ በላኩ ጊዜ፣ ወደ ስምንተኛ ካለፈች ትማራለች፣ ከወደቀች ትዳራለች ብዬ ቃል ሰጠሁ። ሽማግሌዎቹም እንግዲያው ካርዱ ይፍረደን ብለው ተስማሙ። ካርዱ መጣ፤ ፍርዱ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

፪ኛ/ ከክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ከድሬሰሩ፣ መዝገበ ቃላት ተዋስን። ደግ ያደረግን መስሎን ነበር። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ደጊቱን እያስነበቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ጉባኤ ቤት ልማዳቸው ትርጓሜውን አወረዱት፦ ፌር ማለት መልከ መልካም፤ አንድም መልኳ የቀላ፤ አንድም ፍርድ የማያጓድል፤ አንድም ዝናብ የሌለበት ጥሩ አየር፤ አንድም ጥሩም መጥፎም ያልሆነ። የአቶ ተስፋው ሽማግሌዎች፣ ይኸው ቆንጆ ናት ብለዋል፣ ዲሬክተሩም ለሠርጉ መሰከሩ አሉ። ባለቤቴ ዓባይነሽ ደግሞ፣ ወዲያ በሉ፣ ዳኛ ይወጣታል ማለታቸው ነው ብላ ተነሣችባቸው። ጥሩ አየር የሚለውን ማንም አልተቀበለውም፤ ጣሪያችን ያፈስ ነበርና።

፫ኛ/ የጎረቤቴ ልጅ ዓለምነህ ከጥቅምት ጀምሮ ትምህርቱን ትቶ ቡሬ ልብስ ይሰፋል፤ ካርዱ ፌር ይላል። ከደጊቱ ጋር ትማር የነበረችው ዘርትሁን ከጥር ወዲህ ባለትዳር ናት፤ እሷም ፌር። ዘበኛዎ ገብረሰንበት እኅቱን ሊቀብር የሦስት ቀን ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ማመልከቻው ፌር ተጽፎበት ተመለሰለት፤ ልሂድ ልቅር ሲል የእኅቱ ሣልስት አለፈ። ያኔ ገባኝ፤ ያቺን ቃል የሚጽፍን ሰው፣ ነገ ማንም መጥቶ እንዲህ ብለው ነበር ሊለው አይችልም። ብልሃትዎን አደንቃለሁ፤ ዋጋዋን የምትከፍለው ግን ልጄ ናት።

፬ኛ/ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሳሉ። ደጊቱ በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ትክ ብላ ታየኛለች። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ፣ አልፋለች ወይም ወድቃለች ከሚሉት አንዷን፣ በአማርኛ፣ በእጅዎ ጽፈው እንዲልኩልኝ እለምናለሁ። ማኅተም ባይኖራትም ግድ የለም። እኔ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም፤ እርስዎ ግን ገና አልሰጡም።

በካርድዎ ፊት በትሕትና እንዳጎነበስኩ፣ ቀና የምልበትን ቀን ከደግነትዎ የምጠብቅ፣

ላቀው፣ የደጊቱ አባት

የረሳሁት፦ እርስዎ አማርኛ መጻፍ እንደ ተዉ ስለ ሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ደጊቱ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ በሁለት ቅጂ ጽፋዋለች፤ አንዱን ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ስሕተት ካገኙበት ይጣሏት፤ ካላገኙበት ስምንተኛ ክፍል ያስገቧት። ማንበቡ ካስቸገረዎ ግን አይጨነቁ፤ ዓርብ ጠዋት መጥታ ታስረዳዎታለች።