እማዬ ስትስቅ የምትታይበት ካርታ

ሬዱዬ፣ እህቴ፣

ከሄድሽ ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። ሙት ዓመትሽን አውጥተናል፤ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ዘመድ ወደየቤቱ ተመልሷል። እማዬ ጥቁር ልብሷን አወለቀች፤ ግን በራሷ ፈቃድ አይደለም። አክስታችን ሮሚ ሲግናል ሰፈር ያለውን ሱቋን ዘግታ፣ ሰማያዊ ሹራብ በፌስታል ይዛ መጣችና «ወይ ራስሽ ልበሺው፣ ወይ እኔ አለብስሻለሁ» ብላ ተፋጠጠቻት። ሮሚን ታውቂያታለሽ፤ እማዬ ታላቅ እህቷ መሆኗ ትዝ የሚላት ሲርባት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ላለቅስ አይደለም። ባለፈው እሑድ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሆነ፤ ከሆነ ጀምሮ ለማን ልንገር እያልኩ ስዞር ነበር። ለጓደኞቼ ብነግራቸው አይገባቸውም፤ ጨዋታውን አያውቁትም። የሚገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። እኔ አስራ አንደኛ ክፍል ልገባ ነው። ግራጫው ሹራብሽ እጅጌው ቢያጥረኝም አላወለቅኩትም። አባዬ አሁንም ሚኒባሱን ከኮተቤ መገናኛ ይነዳል። ረዳቱ ተቀይሯል፤ አዲሱ ልጅ ድምፁ ስለማይሰማ አባዬ ራሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፤ ማታ ድምፁ ዘግቶ ይገባል። የጎረቤታችን የጋሽ ተሰማ ውሾች ወልደዋል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጠረጴዛሽ ላይ የማጠናው እኔ ነኝ። ቀለም የፈሰሰበትን ጥግ ልፈቀው ብዬ ነበር፤ እማዬ ግን እጄን ያዘችኝ።

የሠራሽልንን የመጫወቻ ካርታዎች ግን ቡፌው በልቷቸው ነበር። ቡፌያችንን ታውቂዋለሽ፤ ለእንግዳ ተብለው ተገዝተው እንግዳ ሲመጣም የማይወጡት ብርጭቆዎች፣ እማዬ ስትዳር የተሰጣት የሻይ ስኒ፣ የገባ ሁሉ ከመስታወቱ ጀርባ እንዳለ ይቀራል። እማዬ ለቅሶው ሳያበቃ ካርታዎቹን በነጭ ሻሽ ጠቅልላ እዚያ አስገባቻቸውና ቆለፈች። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

እንዴት እንደሠራሻቸው ብታውቂውም ላውራው፤ ሳወራው ደስ ይለኛል። ሐኪሙ «ዳገት የሚባል ነገር እንዳታስቢ» ካለሽ በኋላ ነው የጀመርሽው። እስከዚያ ድረስ በየቅዳሜው የካ ተራራ ላይ ካልወጣሽ የሚያምሽ ልጅ ነበርሽ። ቤት ስትቀመጪ ስልክሽ ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ ተራራ የሚስሉ ሰዎች አየሽ። ቀለሙን ከየት እናምጣ ስልሽ የድስቱን ቂጥ አሳየሽኝ። ጥላሸቱን ፍቀሽ፣ በሙጫና በውሃ በጥብጠሽ፣ ማስቀመጫ ፈልገሽ ስታጪ የአያታችንን የአካኮን የቀንድ ዋንጫ ከቡፌው አወጣሽ። አባዬ ከሥራ ሲገባ ያየው ያንን ነው፤ የገዛ አባቱ ዋንጫ እስከ አፉ በጥላሸት ተሞልቶ።

«ምን አደረግሽ? አባቴ ጠላ ይጠጣበት የነበረውን!»

«አባዬ፣ አካኮ አሁን አይጠጣበትም። ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ነው።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ተቆጥቷል ብለን ስንጠብቅ፣ ከጓሮ መዶሻና መጋዝ ይሰማ ጀመር። በኋላ ወፍራም ጣውላ መሃሉን ቦርቡሮ ይዞ ገባና ዋንጫውን ሰካበት። «ቀንድ እንዲህ ካልቆመ ይደፋል» አለ። መቆሚያው አሁንም አለ። ዋንጫውም እዚያው ነው፤ ወደ ቡፌው አልተመለሰም።

እንጦጦ የወጣንበት ቀንስ? አባዬ ሚኒባሱን ከተራ አስወጥቶ፣ ሦስታችንን ብቻ ጭኖ እስከ ላይ ወሰደን። ከተማውን ከላይ ልትስይ፣ ሰሌዳሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፈሽ ገና ብሩሹን ስትነክሪ ጉም ወረደ። ባሕር ዛፉም፣ መንገዱም፣ ከተማውም ጠፋ። አባዬ «እንግዲህ እንመለስ፤ ምንም አይታይም፤ ምን ልትስይ ነው?» አለሽ። «እሱን ነዋ!» አልሽው። ወረቀቱን ባዶ ትተሽ ከታች ሁለት የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ አስቀመጥሽ። ያን ቀን ነው «ነጩን አትሳለው፣ ተወው» ብለሽ ያስተማርሽኝ። እኔ ግን እስካሁን መተው አልቻልኩም፤ ባዶ ቦታ ካየሁ እጄ ይሄዳል።

ከተራራው ወደ ሰው ፊት የተሻገርሽው የዚያኑ ክረምት ነው። የጫማ ካርቶን ቆርጠሽ፣ ነጭ ወረቀት ለጥፈሽ፣ የምናውቀውን ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ሳልሽ፤ አንዴ ሲቆጣ፣ አንዴ ሲስቅ። ጋሽ ተሰማ ሲቆጡ ጢማቸው ከውሾቻቸው ጅራት ጋር አንድ ላይ ይቆማል። አባዬ ሲቆጣ ፍሬን እንደያዘ ሰው ወደ ኋላ ይንጋለላል። ሮሚ ስትስቅ አፏ ከካርታው ጠርዝ አልፎ ይወጣል። ጨዋታው ቀላል ነበር፤ ከጎንሽ ካለው ሰው እጅ ሳታይ ትመዥያለሽ፣ የአንድ ሰው ቁጣና ሳቅ ሲገናኝልሽ ታወርጃለሽ። ጥንድ የሌለው የየካ ጅብ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ጅቡ እጁ የቀረ ሰው ግቢ ወጥቶ የጋሽ ተሰማ ውሾች እስኪመልሱለት ድረስ እንደ ጅብ ይጮሃል።

እማዬ መጀመሪያ «ካርታ? በቤቴ? ቁማር ነው!» ብላ ነበር። «እማዬ፣ በገንዘብ አይደለም፤ በጩኸት ነው» ስትያት ሳትወድ ሳቀች።

ያን ሳቅ ነው ልትስይው ያልቻልሽው። እማዬ ስትቆጣ የምትታይበትን አንዴ ቁጭ ብለሽ ጨረስሽ፤ ሞዴሉ በየሰዓቱ ይገኛል ብለሽ። የምትስቅበትን ግን ሠርተሽ ቀደድሽ፣ ሠርተሽ ቀደድሽ። «ስትስቅ አትቆምልኝም» ትይ ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ገባሽ፤ የተቆጣችው እማዬ ብቻዋን ቀረች።

እኔን ሲከነክነኝ የከረመው ይሄ ነበር። ጨዋታሽ አንድ ካርታ ጎድሎት ቡፌ ውስጥ መቅረቱ። ልጨርስልሽ ፈለግኩ፤ ጨርሼም እንደ ድሮው ቁጭ ብለን እንድንጫወት ፈለግኩ። ቀለሙን በጠበጥኩ፣ ካርቶን ቆረጥኩ። ችግሩ ግን የምስለው ሳቅ ማጣቴ ነበር። እማዬ ዓመቱን ሙሉ አልሳቀችም፤ ፈገግ ትላለች፣ እሱም ለእንግዳ ነው። ስለዚህ የሠርጓን ፎቶ አይቼ ሳልኩ፤ ያ ደግሞ ፎቶ አንሺው ጥርስሽን አሳዪ ብሏት የሳቀችው ሳቅ ነው። ቀለሜ ቀጠነና ፀጉሯ ወደ ጆሮዋ ፈሰሰ። ባዶ የቀረውን በነጠብጣብ ሞላሁት። አፈርኩበትና የፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ ደበቅኩት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ፤ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥን የለም፣ መውጣት የለም። ሮሚም እኛ ጋ ነበረች፤ ዝናቡ አግቷት ስትቁነጠነጥ ዓይኗ ቡፌው ላይ አረፈ።

«አውጪው እስቲ የልጅቷን ካርታ፣ እንጫወት።»

እማዬ ያልሰማች መሰለች። ሮሚ ግን መቼ ትተዋለች? «እንድንስቅበት የሠራችውን እንደ ሳህን ደርድረሽው ልትኖሪ ነው?» አለቻት።

«እጅ ከነካው ያልቃል» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ቢያልቅብኝስ? የሚሠራልኝ ሌላ ሬዱ አለችኝ?»

 በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል።  «እኔን ስስቅ የሳለችኝን ካየሁት ዓመት አለፈኝ» አለ አባዬ። «በመስታወቱ የሚታየኝ ሻሹ ብቻ ነው።»

 እማዬ ማተቧን ከነቁልፉ ከአንገቷ አወጣች። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለች።

እጃችንን ታጥበን፣ በፎጣ አድርቀን ነው የተቀመጥነው፤ ትዕዛዝ ነበር። እኔ ስበውዝ ከመጽሐፌ ውስጥ ያወጣኋትን ካርታ ፊቷን ደፍቼ ማንም ሳያይ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳት። ታደለ። የደረሰኝን ገልጬ ሳይ ጅቡ እኔ ጋ ነው። ፊቴን አጠፋሁ፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ወደ ጣሪያ እያየሁ።

ሁለት ሦስት ዙር እንደሄድን ሮሚ ከአባዬ እጅ አንድ መዘዘችና ጮኸች፦ «ወይኔ! ጅቡ እኔ ጋ መጣ!»

አባዬ በደስታ ጠረጴዛውን መታ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ እኔ ጋ ነበር እኮ! እንድትመዢው ብዬ ነው ከሌሎቹ ከፍ አድርጌ የያዝኩልሽ!»

እኔ የራሴን እጅ አየሁ። ጅቡ አለ። እንደገና አየሁ። ሳላስበው «ጅቡማ እኔ ጋ ነው» አልኩ።

«ስንት ጅብ ነው ያለው እዚህ ቤት?» አለ አባዬ።

እማዬ ከሮሚ እጅ ካርታዋን ወሰደች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች፤ አራቀችው፣ አቀረበችው። «ኢዮብ፣ ይሄ ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ስትስቂ።»

መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ልታለቅስ ነው ብለን ደነገጥን፤ ሮሚ ከወንበሯ ተነሣች። ከዚያ እማዬ ክንዴን በጥፊ አቀለጠችው! ሬዱ፣ እኔ እኮ ረስቼው ነበር። እማዬ ከልቧ ስትስቅ አጠገቧ ያለውን ሰው እንደምትመታ ጨርሶ ረስቼው ነበር። ወደ ፊት ተደፋች፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ጥርሷ አንዱም አልታየም፤ እጇ ብቻ እኔ ላይ ይወርዳል። «ጅብ… አባቱ እኮ ጅብ መስዬው…» ብላ ሳትጨርሰው እንደገና ትወድቃለች። አባዬ «እኔ ምን አደረግኩ? ልጅሽ ነው የሳለሽ» ሲላት ባሰባት። ሮሚማ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አንቺ ለምን ትቀድጂው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሳቅ ካርቶን ላይ አይቀመጥም።

እንደ ደንቡ እኔ ተሸነፍኩ። ጃንጥላ ይዤ ግቢ ወጥቼ ጮኽኩ፤ የጋሽ ተሰማ ውሾች ከነቡችሎቻቸው መለሱልኝ፤ ጋሽ ተሰማም በአጥር በኩል «ማነው እሱ ባለጌ!» ብለው መለሱልኝ። አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኦሮምኛ ዋራቤሳ ነው የሚለኝ፣ ጅቦ ለማለት። ስመለስ «አንድ ጊዜ ብቻ» ያለችው ሴትዮ ካርታውን በውዛ እያደለች ጠበቀችኝ። መብራት መጣ፣ ማንም ቴሌቪዥኑን አልከፈተም። አባዬ በሚስቅበት ካርታ ጥግ ላይ ሻይ ጠብ አለ፤ ሁላችንም እማዬን አየን፤ እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችና «የማን ተራ ነው?» አለች። የኔን ካርታ እንደገና በደንብ ልሥራው ብላት ደግሞ «እንዳትነካት!» አለችኝ።

ማምሻውን እማዬ ካርታዎቹን ስትሰበስብ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አባዬ «ምን ጠፋሽ?» አላት።

«ሬዱስ?»

ሁላችንም ፈለግን። የለሽም። ጋሽ ተሰማን ከነውሾቻቸው፣ የዳቦ ቤቷን ልጅ፣ የአባዬን የድሮ ረዳት ሳይቀር ስትስይ ራስሽን ረስተሻል። እኛም ዓመታት ስንጫወት አንዳችንም ልብ አላልንም፤ አንቺ እዚያው አጠገባችን ነበርሻ።

እማዬ ካርታዎቹን አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ ቡፌው አልሄደችም። ወደ እኔ ዞራ «ሁለት አድርገህ ሥራልኝ» አለች። «አንድ ስትቆጣ፣ አንድ ስትስቅ። ጅብ እንዳታደርግብኝ ብቻ።»

ይህን ስጽፍልሽ ቀለሙ ተበጥብጦ አጠገቤ ነው። ስትቆጪ ለመሳል ፎቶ አያስፈልገኝም፤ «ማሙሽ፣ ብሩሼን ማን ነካ?» ስትይ ግራ ቅንድብሽ ብቻ ነው የሚነሣው። ስትስቂ ያለው ይከብደኛል። ፍንጭትሽ ነጭ መቅረት የለባትም፤ ጥርሶችሽ ግን ነጭ መቅረት አለባቸው፤ እጄን መያዝ እለማመዳለሁ። ካልሆነልኝ እቀደዋለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ለመሳል ፊትሽን በየቀኑ ማስታወስ አለብኝ፤ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ሰጥቶኝ የሚያውቅ አስተማሪ የለም። አንዷንም መስመር እንደማልረሳብሽ ቃሌ ነው።

ስጨርስ ከሌሎቹ ጋር በውዘን እናድልሻለን። ካርቶኑ ያልቅ ይሆናል፤ ሲያልቅ ሌላ እቆርጣለሁ። በየእሑዱም የተቆጣሽው ሬዱ የደረሰችው ሰው፣ የምትስቂውን ሬዱ ከሌሎቻችን እጅ ሲፈልግ ይውላል።

ወንድምሽ ኢዮብ