የጣቢያዋ በር ዋጋ

ፕሎቭዲቭ፣ በየካቲት ማለቂያ

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምህ ጉልበትህ በሶፊያ ክረምት ተሻለው ወይስ ባሰበት? እናትህ ከሕመማቸው እንደተነሱ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፣ እንቅልፌም ተመልሷል። ምግብ ብቻ እስከ ዛሬ እንደ ልብ አይወርድልኝም። ምክንያቱን ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ደብዳቤ ስለማልጽፍልህ ትንሽ ቢረዝም ታገሠኝ።

ያንተ ደብዳቤ ደርሶኛል። ደመወዝሽን እጥፍ አደርጋለሁ፣ ተመለሺ፣ ያደረግሽውንም የድካም ነው ብለን እንረሳዋለን ትላለህ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቄ መጣ። በሁለተኛው ተነሥቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

ኅዳር ላይ ኢቬሊና የምትባለውን የዋጋ ኃላፊህን ከሶፊያ ልከሃት አልነበር? የስልክ ጨዋታችንን የሚጫወቱ ሰዎችን ሰብስባ፣ የታሪክ ጨዋታ ሲገዙ ዋጋውን በምን እንደሚመዝኑ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ምን እንደተባለ በሪፖርቷ አይተሃል፤ እንዴት እንደተባለ ግን አታውቅም። ስምንት ሰዎች መጡ። ቡናና ብስኩት ቀረበላቸው። እኔ ጥግ ይዤ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር።

አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሰዓት እንደሚያካፍል ተናገረ። ‹‹ሲኒማ ሁለት ሰዓት ያቆየኛል፣ አሥራ ሁለት ሌቫ እከፍላለሁ። የእናንተ ታሪክ ሃያ ሌቫ በልቶ በዐርባ ደቂቃ ካለቀ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሌብነት ነው›› አለ። ሩስካ የምትባል የፓዛርጂክ ፀጉር ሠሪ ተቆጣችው። ‹‹ምን ሰዓት ሰዓት ትላለህ አንተ! የአይብ ቂጣው ባኒፃም እኮ በአምስት ደቂቃ ነው የሚያልቀው። ዋናው ሲያልቅ ሆዴ ውስጥ ምን ቀረ ነው›› አለችው። ከዚያ ወደ ኢቬሊና ዞረችና፣ ‹‹እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ ለባሌ እውነቱን ልንገረው ስል ሦስት ቁልፍ ትጠይቁኛላችሁ፤ ስዋሽ በነጻ ታሳልፉኛላችሁ። እቤቴ እንኳ የሚያስከፍለኝ ውሸቱ ነው!›› ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

እኔም ሳቅኩ። ከሳቄ በኋላ ግን አፌን መረረኝ። እኔና አንተ በዚያች የኪራይ ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ስንጀምረው እኮ ምን ነበር? ሰው ስልኩ ላይ ታሪክ ያነብባል፣ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ የፈለገውን ይመርጣል፣ ሁሉም መንገድ ክፍት ነው። አሁን ክፉው መንገድ በነጻ ነው፤ ደጉ መንገድ በቁልፍ ነው፤ ቁልፉ በገንዘብ ነው። ይቅር ማለት ሁለት ቁልፍ፣ ማቀፍ አንድ ቁልፍ። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳርም ኖሬአለሁ።

መጨረሻ ላይ የተናገሩት አቶ ሜቶዲ ናቸው። ሰባን የተሻገሩ፣ በአሰኖቭግራድ የቲማቲም ፋብሪካ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ብስኩቱን ሳይነኩ ተቀምጠው ነበር። ‹‹እኔ በማገዶ ነው የምመዝነው›› አሉ። ኢቬሊና እንዲያብራሩ ጠየቀቻቸው። ‹‹ምን ያብራራል ልጄ? አንድ ቀን ምድጃውን ካላነደድኩ ያችን በር አንድ ጊዜ እከፍታለሁ። ካፖርቴን ለብሼ አነባለሁ። አይበርድም፣ ይለመዳል።›› ሰዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ኢቬሊና አልሳቀችም። ጻፈች።

የትኛዋ በር እንደሆነች ታውቃለህ። የጣቢያዋ በር። ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ባቡሩ ሊነሣ ሲል የሚደረስባት። በነጻ ከሆነ ምንም ሳይሰማ ይሳፈራል። ሁለት ቁልፍ የከፈለ ግን ሴትዮዋ ሮጣ ስትደርስ ያያል፣ የምትለውን እስከ መጨረሻ ይሰማል። አቶ ሜቶዲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እየጀመሩ፣ እንደገና እየከፈሉ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰምተዋታል።

ከስብሰባው በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ትእዛዝ መጣ። ለእኚህ ሰው ብቻ በሩ ሦስት ቁልፍ ይሁን። ከፈሉ። አምስት ይሁን። ከፈሉ። ኢቬሊና ይህን ‹‹እንደ ጉጉቱ ማስከፈል›› ብላ ሰየመችው፤ ስሙ ያማረ ነው፣ የተራበን ሰው እያዩ የዳቦ ዋጋ መጨመር ለማለት ነው። ቀጥሎ ያንተ መልእክት መጣ፣ አንዲት መስመር፦ ንግግሯን መሀል ላይ ቁረጪና ቀሪውን ከሌላ በር ጀርባ አድርጊው።

ቆረጥኩት። እጄን የጠመዘዘው ሰው የለም። ተቀምጬ፣ ሻዬን እየጠጣሁ፣ የት ላይ ቢቆረጥ የበለጠ እንደሚያም መርጬ፣ ‹‹ዞር ብለህ›› ከሚለው ላይ ቆረጥኩት። አንተን እየወቀስኩ ራሴን ነጻ የማወጣ እንዳይመስልህ። አንተ አዘዝክ፤ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ከአቶ ሜቶዲ መልእክት ገባ። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። ‹‹የተከበራችሁ ጸሐፊዎች፣ ሴትዮዋ ድሮ እስከ መጨረሻው ትናገር ነበር። አሁን ‘ዞር ብለህ’ ትልና ዝም ትላለች። አሟት ይሆን? የቁልፍ ማነስ ከሆነ ንገሩኝ፣ ጡረታዬ እስኪገባ እጠብቃለሁ። አክባሪያችሁ።››

አሟት ይሆን! የያዝኩትን ዳቦ ሳልጨርስ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድ አለኝ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በአውቶቡስ አሰኖቭግራድ ሄድኩ። አድራሻቸው በስብሰባው መዝገብ ላይ ስለነበር ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የሚስታቸው የስድስት ወር መታሰቢያ ወረቀት ከነፎቶዋ በራቸው ላይ ተለጥፏል። ዝላትካ ትባላለች። ለፎቶ ብላ ፀጉሯን የተሠራች፣ ፎቶ አንሺውን የተቆጣች የምትመስል ሴት። አቶ ሜቶዲ ካፖርት ለብሰው ከፈቱልኝ። ቤቱ ውስጥ ትንፋሼ ይታየኝ ነበር። እኔን ሲያዩ ምድጃውን ሊያነዱ ተንበረከኩ፤ ተዉ ብላቸው፣ ‹‹እንግዳ በብርድ አስቀምጬ ዝላትካ ምን ትለኛለች?›› ብለው እንቢ አሉ። ያን ቀን መታሰቢያዋ ነበርና የስንዴ ንፍሮ በስኳር ለውሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል፤ ዳቦና የቃሪያ ድልህም አቀረቡልኝ።

ለምን ያችን በር እንደሚመላለሱባት ጠየቅኋቸው። ዳቦውን እየቆረሱ ነገሩኝ። ዝላትካ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሳቸው አጠገቧ ቁጭ ብለዋል። እጃቸውን ይዛ፣ ‹‹ሜቶዲ፣ አንድ ነገር ልንገርህ›› አለቻቸው። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ። መኪናቸውን ያቆሙበት የተከፈለው ሰዓት ሊያልቅ ነው። ‹‹መጣሁ፣ ሁለት ሌቫ ልጨምርና መጣሁ፣ ቅጣት እንዳይለጥፉብን›› ብለው ወረዱ። ሲመለሱ መጋረጃው ተስቧል።

‹‹ሁለት ሌቫ›› አሉኝ። ‹‹አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ አስቢልኝ። ያን ቀን በሁለት ሌቫ የሸጥኩትን አሁን በአምስት ቁልፍ ብገዛው ይበዛል?››

ዋጋው ለእሳቸው ብቻ እንደጨመረ ነገርኳቸው። ሌላው ሰው አሁንም በሁለት ቁልፍ እንደሚገባ፣ ንግግሩን የቆረጥኩትም እኔ እንደሆንኩ። ይሰድቡኛል፣ ያስወጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በጣታቸው የዳቦውን ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ እየሰበሰቡ፣ ‹‹ገበያ ላይ እንኳ እኮ›› አሉ፣ ‹‹ቲማቲም ሻጯ መበለት መሆኔን ስታውቅ አንድ ትጨምርልኛለች።›› መበለት ያሉት ራሳቸውን ነው። አላረምኳቸውም።

ከዚያ፣ ‹‹ለመሆኑ የሴትዮዋን ቃል ማነው የጻፈው? እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላት አይወጣም›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹ማንም አልጻፈውም›› አልኳቸው። ‹‹አንዲት ሴት ፕሎቭዲቭ ጣቢያ ላይ ተናግራዋለች።››

‹‹ሰውዬውስ ወረደ?››

‹‹አልወረደም። ግን ቃሏን በደንብ ይዞት ሄዷል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አንዲት ፊደል ሳይስት ጽፎት፣ ከጎኑ ‘ሁለት ቁልፍ’ ብሎ አስቀምጦበት ላከው።››

አሁን ደግሞ እውነቱን ሁሉ ስጽፍ ይኼን አልዘልም። ያ ጽሑፍ ከአንተ ዘንድ ሊታረም ሲመጣልኝ፣ የራሴን አፍ በሰው ታሪክ ውስጥ ሳየው፣ በመጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። ደስ አለኝ። አልረሳውም ብዬ ደስ አለኝ። ለዚህ ነው አራት ወር ዝም ያልኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ደስታ የሚያስጠላኝ ነገር የለም።

አቶ ሜቶዲ አዩኝ። ገባቸው። ‹‹ልጄ፣ ካላስቸገርኩሽ›› አሉ፣ ‹‹እስከ መጨረሻው በይልኝ።››

አልኩላቸው። እዚያ ምድጃ አጠገብ፣ ቁልፍ ሳይጠየቁ፣ ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ቅዳሴ እንደሚሰማ ሰው አቀርቅረው ሰሙኝ። ስጨርስ እንባቸው ወርዷል፤ ግን ሳቅ አሉና፣ ‹‹ያምራል። ብቻ ዝላትካ እንዲህ ብላ አትናገርም ነበር። እሷ ብትሆን ‘ምድጃውን አጥፍተህ ነው የመጣኸው?’ ነበር የምትለኝ›› አሉ። ከዚያ ምድጃው ላይ ማገዶ ጨመሩና፣ ‹‹እሱኑ ይሆናላ›› አሉ። ‹‹እሱኑ ልትለኝ ይሆናል።›› ስልካቸውን አውጥተው እንዴት እንደሚጠፋ አሳዪኝ አሉኝ። ጨዋታውን አጠፋሁላቸው።

ልነሣ ስል ግን አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። አንተ የጻፍከው የሰማኸውን ያህል ነው። የባቡሩ በር ከተዘጋ በኋላ፣ መስኮቱ ስር እየሮጥኩ ያልኩትን ዐረፍተ ነገር አልሰማህም፤ ጆሮህን እያመለከትክ ራስህን ነቀነቅክልኝ። እሱን ለአቶ ሜቶዲ ነገርኳቸው። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን። አማተቡ። ስለ ኋላው፣ ሆዴ ባዶውን ስለቀረበት ስለዚያ ጸደይ፣ አልጠየቁኝም። ከመደርደሪያው ሌላ ትንሽ ሳሕን አወረዱ፣ ከንፍሮው ቆነጠር አድርገው ሞሉበት፣ ከዝላትካ ሳሕን አጠገብ አስቀመጡት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። የጣቢያዋን በር ለሁሉም ሰው ከፈትኩት፣ ያለ ቁልፍ። የቆረጥኩትን መለስኩ። ያችን ዐረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ ጨመርኩ። ከዚያ መልቀቂያዬን ጻፍኩ፣ ተቀምጬም ሰው ሲገባ አየሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሁለት ሺህ ያህል ሰው ገባ። ሩስካ ከፓዛርጂክ፣ ‹‹ዛሬ ምን ነካችሁ? በነጻ ሲሆን ደግሞ ፈራሁ፤ ደንበኛዬን ፀጉሯ እንደረጠበ ትቻት እያለቀስኩ ነው›› ብላ ጻፈች። ተማሪውም ጻፈ፤ በሰዓት ማካፈሉን ለጊዜው ትቶታል።

ስድስት ሰዓት ላይ ከሶፊያ ተዘጋ። የሚገርመኝ መዘጋቱ አይደለም። ከመሄዴ በፊት ማን ማን እንደገባ ዝርዝሩን አይቻለሁ። ያችን የመጨረሻ ገጽ ሰው ሁሉ በአንድ በሁለት ደቂቃ ያልፋታል። አንድ አንባቢ ግን አምስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ገብቶ፣ በሩ እስኪዘጋ ዐርባ ሁለት ደቂቃ እዚያው ቆሟል። ከሶፊያ ነው የገባው። ስሙን አውቀዋለሁ።

በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ደመወዝ አለ፣ ስለ ውል አለ፣ ስለ ድርጅቱ ስም አለ። ስለዚያች ገጽ አንድ ቃል የለም። እኔም አልጠይቅህም። የምትመልሰው ካለህ እዚያ ገጽ ላይ የቆምክ ዕለት ትመልሰው ነበር። አልመለስም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ለእናትህም ብርታቱን ያብዛላቸው። በሰው ቃል ሳትነግድ የምታድርበትን መንገድ ይክፈትልህ። እኔን ደግሞ አንተን ከመርገም ይጠብቀኝ፤ እስከ ዛሬ ጠብቆኛል።

በአንድ ወቅት ያንተ የነበረችው